የዩኒቨርሲቲ ስንቅ ከ9ኛ ክፍል ይቋጠራል

በ2018 ዓ.ም. መስከረም፣ የ12ኛ ክፍል ፈተና ውጤት በተነገረ ሰሞን፣ መራዊ ገበያ ዳር አንድ አርሶ አደር አስቆሙኝ። ከገጠር ለሁለት ልጆቻቸው ስንቅ ይዘው መምጣታቸው ነበር። አህያቸው ላይ የተጫነው ከረጢት በሶ፣ ቆሎ፣ ሽሮና ድርቆሽ ይዟል። ልጆቹ ከተማ ውስጥ አንዲት ክፍል ተከራይተው ይማራሉ። ልጂቱ 10ኛ፣ ታናሽ ወንድሟ 9ኛ ክፍል ናቸው።

«መምህር፣ ከመቶ ተማሪ ያለፉት 8ቱ ብቻ ናቸው የሚባለው እውነት ነው?» አሉኝ።

«እውነት ነው አባቴ» አልኋቸው።

«እንግዲያውስ እኔ ሁለት ልጅ ከተማ አስቀምጬ የምቀልበው ለዕጣ ነው ማለት ነዋ! ልጂቱን ወደ ቤት ልመልሳት መሰለኝ። 10ኛ መድረሷም ይበቃታል።»

ገበያ ዳር ቆሞ በሁለት ቃል የሚመለስ ጥያቄ አልነበረም። «ዕጣ አይደለም፤ እባክዎ ሳንነጋገር እንዳይወስኑ» ብዬ ለሌላ ቀን ተቀጣጠርን። ውድ አንባቢያን፣ ይህ ጽሑፍ በዚያ ቀጠሮ ለእኚህ አባት የነገርኳቸውን የያዘ ነው። ጥያቄው የእርሳቸው ብቻ እንዳልሆነ ስለማውቅ፣ በፍኖተ ሰላምም፣ በቡሬም፣ በሌላውም የአገራችን ክፍል ስንቅ ለሚቋጥሩ ወላጆችና ስንቁን ለሚበሉ ተማሪዎች ይጠቅም ይሆናል በማለት ጻፍኩት።

ቁጥሩ ምን ይላል?

እንደሚታወቀው ኩረጃን ለማስቀረት የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና በዩኒቨርሲቲ ግቢዎች ውስጥ መሰጠት የጀመረው ለ2014 ዓ.ም. ተፈታኞች ነው። በቀጥታ ዩኒቨርሲቲ ለመግባትም ከመቶ 50 ማምጣት ግድ ሆነ። በዚያ ዓመት 50ና ከዚያ በላይ ያመጡት ከመቶ 3.3 ብቻ ነበሩ። በ2015 ዓ.ም. ከተፈተኑት ከ840 ሺህ በላይ ተማሪዎች ያለፉት 27,267 ሲሆኑ፣ ይህም ከመቶ 3.2 ነው። ከ1,300 የሚበልጡ ትምህርት ቤቶች በዚያ ዓመት አንድም ተማሪ አላሳለፉም። በ2016 ዓ.ም. ያለፉት ከመቶ 5.4፣ በ2017 ዓ.ም. ደግሞ ከመቶ 8.4 ሆኑ። በቁጥር 48,929 ተማሪዎች ማለት ነው።

ከዚህ ላይ ሁለት ነገር ልብ ማለት ያስፈልጋል። የመጀመሪያው፣ ያላለፈ ሁሉ ሰነፍ ነው ማለት ግፍ መሆኑ ነው። መምህር ያልተሟላለት፣ መጽሐፍ ያልደረሰው ተማሪ ብዙ ነው። በክልላችን ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በተነሣው ጦርነት ብዙ ትምህርት ቤቶች ተዘግተው፣ ልጆች ዓመትና ከዚያ በላይ ከክፍል ውጭ ሆነዋል። መራዊም ከዚህ መከራ የደረሰባትን ደርሶባታል። ይህን የልጆች ጥፋት የሚያደርግ ሰው አእምሮውን ይመርምር።

ሁለተኛው፣ ውጤቱ ዕጣ አለመሆኑ ነው። ዕጣ የሚወጣው በአንድ ቀን ነው። ፈተናው ግን የሚያጠቃልለው ከ9ኛ እስከ 12ኛ ክፍል የተማሩትን ነው። የተፈጥሮ ሳይንስ ተማሪ በእንግሊዝኛ፣ በሒሳብ፣ በፊዚክስ፣ በኬሚስትሪ፣ በባዮሎጂና በአፕቲትዩድ ይፈተናል። የማኅበራዊ ሳይንሱ ደግሞ በእንግሊዝኛ፣ በሒሳብ፣ በታሪክ፣ በጂኦግራፊ፣ በኢኮኖሚክስና በአፕቲትዩድ። ድምሩ 600፣ ማለፊያው 300 ነው። ስለዚህ 9ኛ ክፍል ያለው ልጅ ፈተናው ሦስት ዓመት ይቀረዋል ቢባልም ለፈተናው የሚሆነውን ከወዲሁ እየያዘ ወይም እየጣለ ነው።

በሩን አልፎ መግባትም የመጨረሻው አይደለም። በ2015 ዓ.ም. የመውጫ ፈተና ለመጀመሪያ ጊዜ ሲሰጥ፣ ለመመረቅ ደርሰው ከተፈተኑት መካከል ያለፉት ከመቶ 40 ገደማ ናቸው። እንግዲህ ሁለት ወንፊት አለ ማለት ነው። አንዱ መግቢያው ላይ፣ ሌላው መውጫው ላይ ነው። እኔ ለመውደቅ የተቃረብኩት በሁለቱ መካከል በመሆኑ የራሴን ጉድ ልናገር።

እኔን የጣለኝ

እኔም የገጠር ልጅ ነኝ። መራዊ ውስጥ ከሁለት ልጆች ጋር አንዲት ክፍል ተከራይቼ፣ በየሳምንቱ ቅዳሜ ሦስት ሰዓት ተጉዤ ስንቅ እያመጣሁ ነው የተማርኩት። ጎበዝ የሚባል ተማሪ ነበርኩ። ጉብዝናዬ ግን ምን እንደነበር ልንገራችሁ። መምህሩ ሰሌዳ ላይ የጻፈውን በንጹሕ የእጅ ጽሑፍ እገለብጣለሁ፣ ማታ አሥር ጊዜ አነበዋለሁ፣ ፈተና ሲመጣ እንዳለ አወርደዋለሁ። መጽሐፍ ግን ከፍቼ፣ ማንም ሳያስረዳኝ፣ አንድ ምዕራፍ ብቻዬን አንብቤ አላውቅም ነበር።

በዚህ ዓይነት ዩኒቨርሲቲ ገባሁ። የካልኩለስ መምህራችን በመጀመሪያው ሳምንት ሁለት ምዕራፍ አስተምሮ «ሦስተኛውን ራሳችሁ አንብቡ» ብሎ ወጣ። እኔ ሰሌዳ ላይ እስኪጽፈው ጠበቅሁ፤ አልጻፈውም። በመጀመሪያው ቴስት ከ30 ያመጣሁት 7 ነው። ከዚያ በኋላ ሌሊቱን ሙሉ ቁጭ ብዬ ደብተሬን ደጋግሜ አነብ ጀመር። ባነበብኩ ቁጥር የገባኝ ይመስለኛል፤ ጥያቄ ሲመጣ ግን ባዶ ነኝ። ሴሚስተሩ ሲያልቅ ነጥቤ 1.62 ሆኖ ማስጠንቀቂያ ተሰጠኝ። ደብዳቤውን ለወር ያህል ፍራሼ ሥር ደበቅሁት። ለእናቴ «ደህና ነኝ» እያልኩ ነበር።

ያዳነኝ ከቡሬ የመጣ አንድ የ3ኛ ዓመት ተማሪ ነው። በዶርማችን እንግዳ ሆኖ ሳለ እያነበብኩ አገኘኝ። ደብተሬን ከእጄ ወስዶ ዘጋውና «አሁን ያነበብከውን ንገረኝ» አለኝ። ሁለት ዓረፍተ ነገር ተናግሬ ዝም አልኩ። «ወንድሜ፣ አንተ ዓይንህን ነው ያደከምከው እንጂ አላጠናህም» አለኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ በየማታው ደብተሬን እየዘጋ ይጠይቀኝ ነበር። በሁለተኛው ሴሚስተር ነጥቤ ከ2.00 በላይ ወጣ፤ በጊዜዬም ተመረቅሁ።

የዚያ ልጅ ዘዴ እውነትነቱ በጥናት የተረጋገጠ መሆኑን ያወቅሁት ከብዙ ዓመት በኋላ ነው። ሄንሪ ሮዲገርና ጄፍሪ ካርፒክ የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን ተመራማሪዎች በ2006 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት ተማሪዎችን በቡድን ከፍለው አንድ ጽሑፍ አስጠኗቸው። አንዱ ቡድን ጽሑፉን አራት ጊዜ አነበበ። ሌላው አንድ ጊዜ ብቻ አንብቦ፣ ሦስት ጊዜ ሳያይ የሚያስታውሰውን ጻፈ። ከአምስት ደቂቃ በኋላ ሲጠየቁ አራት ጊዜ ያነበቡት በለጡ። ከሳምንት በኋላ ግን ነገሩ ተገለበጠ፤ ሳያዩ የጻፉት ከመቶ 61 ያህሉን ሲያስታውሱ፣ ደጋግመው ያነበቡት ያስታወሱት ከመቶ 40 ያህሉን ነው።

እህት ወንድሞች፣ ይህ ለእኛ አዲስ ነገር ነውን? በቁርኣን ቤት የተማረ ልጅ ሉሑን ደጋግሞ ስላየ ብቻ አያልፍም። ዘግቶ ለኡስታዙ ያሰማል፤ ከተሳሳተ ይመለሳል። የዛሬውን ሲይዝም የትናንቱን እንደገና ያሰማል። አባቶቻችን የያዙትን ዘዴ ዘመናዊ ትምህርት ቤት ስንገባ በር ላይ ጥለነው ገባን።

ስንቁ ምን ምን ነው?

1ኛ/ መጽሐፉን ራሳችሁ አንብቡ። ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ነው፤ ፈተናውም፣ ዩኒቨርሲቲውም እንዲሁ። ብዙ ተማሪ ባዮሎጂ ከበደኝ ሲል የከበደው እንግሊዝኛው ነው። ስለዚህ መምህሩ ከማስተማሩ በፊት በነጋታው የሚማሩትን ሁለት ገጽ ማንበብ፣ ያልገባውን ቃል በአንድ ደብተር መመዝገብ፣ ቃሉንም በራስ ዓረፍተ ነገር መጻፍ ያስፈልጋል። በቀን አምስት ቃል ብትይዙ በአንድ የትምህርት ዓመት ከ900 ያላነሰ ቃል ይሆናል። መጽሐፍ ያልደረሳችሁ፣ የአዲሱ ሥርዓተ ትምህርት መጻሕፍት በስልክ ፋይል ስለሚገኙ ኢንተርኔት በሌለበትም ከስልክ ወደ ስልክ ልትቀባበሉት ትችላላችሁ። በክልላችን ኢንተርኔት ለወራት በተቋረጠበት ጊዜ ብዙ ተማሪ የተማረው እንዲህ ነው።

2ኛ/ ዘግታችሁ ጠይቁ። አንድ ርዕስ እንዳነበባችሁ መጽሐፉን ዝጉና የምታስታውሱትን በባዶ ወረቀት ጻፉ። ከዚያ ክፈቱና የጎደለውን በሌላ ቀለም ሙሉ። ያ ሌላ ቀለም የነገ ጥናታችሁ ነው። አንድ ክፍል ለሁለት ለሦስት የተከራያችሁማ ዕድለኞች ናችሁ፤ እርስ በርስ ተጠያየቁ። ስንቅ ለማምጣት የምትሄዱበት የሦስት ሰዓት መንገድም ደብተር የማይጠይቅ የመጠያየቂያ ጊዜ ነው። እኔ ያን ሁሉ መንገድ ለዓመታት በወሬ ጨረስኩት።

3ኛ/ ሒሳብን በእጃችሁ ሥሩ። የተሠራ ምሳሌ ማየት ሒሳብ ማጥናት አይደለም። ምሳሌውን በወረቀት ሸፍናችሁ ከመጀመሪያው ሥሩት፤ ሲያቅታችሁ አንድ መስመር ብቻ ግለጡ። የ9ኛ ክፍል አልጀብራ ያልያዘ ተማሪ የ11ኛ ክፍል ፊዚክስ ይከብደዋል፤ ዩኒቨርሲቲ ደግሞ ካልኩለስ ያዋርደዋል። 11ኛ ላይ ሆናችሁ ክፍተቱን ካወቃችሁት ወደ 9ኛው መጽሐፍ መመለስ አያሳፍርም።

4ኛ/ ያጠናችሁትን መልሳችሁ ጎብኙ። ጀርመናዊው ኸርማን ኤቢንግሃውስ በ1885 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ፣ ሰው የያዘውን ነገር አብዛኛውን የሚረሳው በመጀመሪያዎቹ ሰዓታትና ቀናት እንደሆነ በራሱ ላይ ሞክሮ አሳይቷል። መድኃኒቱ ከመርሳት በፊት መመለስ ነው። ዛሬ የተማራችሁትን ነገ፣ ከዚያ በሳምንቱ፣ ከዚያ በወሩ ለአሥር ደቂቃ ራሳችሁን ጠይቁበት። በፈተና ዋዜማ አሥር ሰዓት ከመቀመጥ ይህ ይበልጣል። ያለፉ ዓመታት የብሔራዊ ፈተና ጥያቄዎችንም 12ኛ እስክትደርሱ አትጠብቁ፤ አንድ ምዕራፍ ባለቀ ቁጥር ከዚያ ምዕራፍ የወጡትን ፈልጋችሁ ሥሩ።

5ኛ/ ጊዜያችሁን እንደ ገንዘብ ቁጠሩ። የገጠር ተማሪ የከተማውን ልጅ የጊዜ ሰሌዳ ቢገለብጥ አይሠራለትም። ቅዳሜ መንገድ ነው። በኅዳርና በታኅሣሥ አጨዳና ውቂያ አለ። በቆጋ መስኖ አካባቢ ያለው ደግሞ በበጋም ሥራ አያጣም። ስለዚህ ሰሌዳችሁን በእውነተኛ ኑሯችሁ ልክ አውጡ። ከሰኞ እስከ ዓርብ በየማታው ሁለት የትምህርት ዓይነት፣ ለእያንዳንዱ 45 ደቂቃ፤ እሑድ ከሰዓት የሳምንቱን መጠየቅ። መብራት በሚጠፋበት ሰሞን ጎህ ሲቀድ ተነሡ። ትንሽ የሚመስል ነገር ሳይቋረጥ አራት ዓመት ሲሄድ ብዙ ነው።

ግቢ ከገባችሁ በኋላ

ያለፋችሁ እንደሆነ የሚቀበላችሁ ትምህርት ምን እንደሚመስል ከወዲሁ እወቁት። ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮ የመጀመሪያው ዓመት የጋራ ትምህርቶች የሚወሰዱበት ነው። የመግባቢያ እንግሊዝኛ፣ ሎጂክ፣ ሥነ ልቦና፣ ሒሳብ፣ የኢትዮጵያና የአፍሪካ ቀንድ ጂኦግራፊ የመሳሰሉት አሉበት። ዲፓርትመንት ሲመደብ የዚህ ዓመት ነጥብ ይታያል። «አንደኛ ዓመት መተዋወቂያ ነው» የሚላችሁን አትስሙ፤ ሐኪም ወይም መሐንዲስ ለመሆን ያሰበ ልጅ በመጀመሪያው ዓመት ስንፍና ያላሰበው ክፍል ገብቶ አይቻለሁ።

ቴስቱና አሳይመንቱ ከመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ጀምሮ ስለሚቆጠር በፋይናል እክሰዋለሁ ማለት አያዋጣም። ለመመረቅ ድምር ነጥባችሁ ከ2.00 ማነስ የለበትም። ያልገባችሁን መምህሩን ቢሮው ሄዳችሁ ጠይቁ። እኔ አንድ ጊዜ እንኳ አልሄድኩም ነበር፤ ማፈሬ 1.62 አስከፈለኝ። ማስጠንቀቂያ ቢደርሳችሁም እንደ እኔ ፍራሽ ሥር አትደብቁት፤ በዚያው ሳምንት ለሚረዳችሁ ሰው አሳዩት።

ገንዘብን በተመለከተ፣ በመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች ከ1996 ዓ.ም. ጀምሮ የወጪ መጋራት ሥርዓት አለ። ተማሪው ውል ይፈርማል፤ ድርሻውን የሚከፍለው ከተመረቀ በኋላ ነው። ስለዚህ ከፍዬ አልችልም ብሎ ከደጅ የሚመለስ ልጅ መኖር የለበትም።

50 ሳይደርስ በጥቂት የቀረ ተማሪም ተስፋ አይቁረጥ። ከ2014 ዓ.ም. ተፈታኞች ወዲህ ለማለፊያው የተጠጉ ተማሪዎች በማካካሻ፣ ማለትም በሪሜዲያል ፕሮግራም፣ ለወራት ተምረውና ተፈትነው ወደ መጀመሪያ ዓመት የሚገቡበት መንገድ ተከፍቷል። ቴክኒክና ሙያም የወደቀ ሰው መጣያ አይደለም። ሞተር የሚጠግን፣ ኤሌክትሪክ የሚዘረጋ እጅ አገራችን ያስፈልጋታል። አራት ዓመት በደንብ የተቋጠረ ስንቅ በየትኛውም መንገድ ይበላል።

ለወላጆች

አሁን ወደ ገበያው ዳር እመለሳለሁ። በቀጠሯችን ቀን እኚያ አባት ልጆቻቸው ወደሚኖሩባት ክፍል ይዘውኝ ሄዱ። ሻይ እስኪፈላ ልጂቱን አንድ ጥያቄ ጠየቅኋት፤ «ትናንት ማታ ከ12 ሰዓት እስከ 4 ሰዓት ምን ሠራሽ?» አልኋት። ውኃ ቀዳች፣ ሽሮ ሠራች፣ ዕቃ አጠበች፣ የወንድሟን ልብስ ጨመቀች፣ ከዚያ ለግማሽ ሰዓት ደብተር አየችና እንቅልፍ ጣላት። ወንድሟን ተመሳሳይ ጥያቄ ጠየቅሁት። እንዳነበበ ነገረኝ።

አባትየው ዝም አሉ። እኔም ያልኋቸው ይህን ነው። «አባቴ፣ ልጂቱን ሊመልሷት የፈለጉት ነጥቧ ከወንድሟ ስላነሰ ነው። ግን እርሷ በቀን ግማሽ ሰዓት፣ እርሱ አራት ሰዓት እያጠኑ ነው። ይህ የጭንቅላት ልዩነት አይደለም፤ የባልዲና የድስት ልዩነት ነው። አንድ ዓመት ሥራውን እኩል ይካፈሉና ከዚያ ይመዝኗቸው።»

ወላጆች ሆይ፣ ፊደል ያልቆጠራችሁም ብትሆኑ ለልጆቻችሁ ልትሰጡት የምትችሉት ነገር አለ። ሰዓታቸውን ጠብቁላቸው። ልጃችሁ ስንቅ ሊወስድ ሲመጣ «ስንት አመጣህ?» ብቻ አትበሉት፤ «በዚህ ሳምንት የተማርከውን አንድ ነገር ደብተርህን ሳታይ አስረዳኝ» በሉት። ባይገባችሁም ስሙት። ሲንተባተብ ያልያዘውን ራሱ ያውቀዋል። ይህ ገንዘብ አይጠይቅም።

እኚያ አባት ወዲያው አልመለሱልኝም። ድርቆሹን ከከረጢቱ አውጥተው ለሁለት ከፈሉ፤ ባዶውን ባልዲ ደግሞ አንሥተው ለልጃቸው ሰጡት። «ሂድ፣ ውኃ ቅዳ» አሉት። ቀጥለውም ወደ ልጂቱ ዞረው፣ «አንቺ ደግሞ ዛሬ የተማርሽውን እስቲ ንገሪኝ» አሏት። እርሷም ደብተሯን ዘግታ ጀመረች። መሐል ላይ ተሰናከለች፤ ግን አላቆመችም።

በመጪው ዓመት ምን እንደሚወስኑ እርሳቸው ያውቃሉ። ልጂቱ ይህን እስከጻፍኩበት ቀን ድረስ ትማራለች። ለፈተናው ሁለት ዓመት ይቀራታል፤ ሁለት ዓመት ደግሞ ብዙ ስንቅ ይቋጠርበታል።

ቸር ይግጠመን።